ሽቦው ባትሪውን አልይዝ ያለ ዕለት

ሥራ የያዛችሁ እየሠራችሁ ስሙ፤ እጃችሁ ባዶ የሆነ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ስሙ።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ወፍጮ ቤት እህል ትመዝናለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የተጣለ ሬዲዮ እየፈታች ትገጥማለች። ደስ ስለሚላት ነው እንጂ ማንም አላዘዛትም። አንድ ሰሞን እንቁላል የታቀፈች ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በላባት። የዶሮዋ ዘር እንዳይጠፋ ብላ እንቁላሎቹን ካርቶን ውስጥ ገለባ ጎዝጉዛ አስቀመጠች፤ ከላይ ትልቅ አምፖል አንጠለጠለች። አምፖሉ እንደ እናት አሞቃቸው። ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ወደ ማታ ላይ፣ መብራት ሄደ።

እንቁላሎቹ ሙቀት ፈለጉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ትርንጎ ከአልጋ ሥር አንድ ሣጥን ጎትታ አወጣች። የባትሪን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ነው፤ ኢንቨርተር ይሉታል። ራሷ ናት የሠራችው። ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘችውና አምፖሉን ሰካች። በስመ አብ ብላ ማብሪያውን ተጫነች። ጭጭ አለ።

«ትርንጎ! ሣጥንሽ ዛሬም ጾመኛ ነው?» አሉ በአጥሩ ላይ ሆነው በክፍቱ በር እያዩ ጎረቤቷ አናጢው ጋሽ ምንዳዬ።

ትርንጎ ወደ ሣጥኑ አጎነበሰች። «ይቺ ሣጥን ለድመት ሬሳ ትሆናለች» ብለው ከሳቁባት ወዲህ ሰላምታም አትሰጣቸውም። ኤሌክትሪክ መኖሩን የምትፈትሽበትን ቴስተሯን ይዛ ወደ አምፖሉ ሄደች።

«አምፖል፣ አምፖል፣ እንቁላሎቹን አሙቅ።»

«አላሞቅም። ክሬ አልተበጠሰም፤ ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ጉልበት አልላከልኝም።»

ትራንስፎርመሩ አልልክ አለ፣ አምፖሉ አላሞቅ አለ፣ እንቁላሎቹም መብረድ ጀመሩ።

«ትራንስፎርመር፣ ትራንስፎርመር፣ ለአምፖሉ ላክ።»

«አልልክም። የሽቦ ጥቅልሌ ደህና ነው፤ ግን ማን ቀስቅሶኝ? መንትዮቹ ትራንዚስተሮች አንዱ ሲከፍት አንዱ ሲዘጋ ነው እኔ የምነቃው።»

መንትዮቹ አንቀሰቅስ አሉ፣ ትራንስፎርመሩ አልልክ አለ፣ አምፖሉ አላሞቅ አለ፣ እንቁላሎቹም እየበረዱ ሄዱ።

ትርንጎ መንትዮቹን በጣቷ ዳበሰቻቸው። ቀዝቃዛ ናቸው።

«አንቀሰቅስም» አሉ። «ተቃጥለን ቢሆን ይሸትሽ ነበር። ፊውዙ ምን አሳለፈልንና?»

«እኔን አትዪኝ» አለ ፊውዙ። «ይኸው ክሬ ሙሉ ነው። ባትሪው ሳይገፋኝ ምን ላሳልፍ?»

ፊውዙ አላሳልፍ አለ፣ መንትዮቹ አንቀሰቅስ አሉ፣ ትራንስፎርመሩ አልልክ አለ፣ አምፖሉ አላሞቅ አለ፣ እንቁላሎቹም በረዱ።

«ባትሪ፣ ባትሪ፣ ፊውዙን ግፋ።»

«አልገፋም። ሆዴ ሙሉ ነው፣ ለክተሽ እይ። ግን ሽቦው አልያዘኝም።»

«ይዣለሁ እንጂ!» አለ ሽቦው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ነው፤ ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ላይ የፈታችው። «በካፖርቴ ይዣለሁ። ራቁትህን ያዝ ያለኝ የለም።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየችው። የሞተር ሽቦ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ቫርኒሹ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እሷ መልኩ መዳብ ስለመሰላት ጫፉን ሳትፍቀው አስራዋለች።

«አይ ትርንጎ!» አለች ለራሷ። ሽቦውን ፈታችና በቢላዋ ልትፍቀው ሞከረች፤ ቢላዋው መዳቡን ሊቆርጠው ሆነ። ከአጥሩ ወዲያ ግን ኪሽ ኪሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ምንዳዬ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት እያለሰለሱ ነው።

«ብርጭቆ ወረቀት፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሽቦውን ፋቅልኝ።»

«አልፍቅም። ጋሽ ምንዳዬ መቼ ለቀቁኝ?»

«ጋሽ ምንዳዬ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም!» አሉ ጋሽ ምንዳዬ። «ስትገቢ ዝም፣ ስትወጪ ዝም፤ ዛሬ ‘ይስጡኝ’! እኔ ግንድ ነኝ? ሰላምታዬን አምጪ።»

«ሣጥኔን ለድመት ሬሳ ትሆናለች ያሉት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ለድመት ትጠባለች እንዴ?»

ጋሽ ምንዳዬ አልሰጥ አሉ፣ ወረቀቱ አልፍቅ አለ፣ ሽቦው አልይዝ አለ፣ ባትሪው አልገፋ አለ፣ ፊውዙ አላሳልፍ አለ፣ መንትዮቹ አንቀሰቅስ አሉ፣ ትራንስፎርመሩ አልልክ አለ፣ አምፖሉ አላሞቅ አለ። ትርንጎ እጇን ካርቶኑ ውስጥ ብትሰድ እንቁላሎቹ የወንዝ ድንጋይ መስለዋል።

ሰው የሚቸገረው በትልቁ ነገር ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ የምትከብደው ትንሿ ቃል ናት። ትርንጎ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች።

«እንደምን አመሹ፣ ጋሽ ምንዳዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አንቺስ እንደምን አመሸሽ? ቤቱ ደህና? ልጆቹ ደህና? ወፍጮው ደህና? እንቁላሎቹስ?»

«በረዱ።»

«በረዱ? ታዲያ ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ!»

ጋሽ ምንዳዬ ወረቀቱን ሰጡ፣ ወረቀቱ ሽቦውን ፋቀ፣ ሽቦው ባትሪውን ያዘ፣ ባትሪው ፊውዙን ገፋ፣ ፊውዙ ለመንትዮቹ አሳለፈ፣ መንትዮቹ ትራንስፎርመሩን ቀሰቀሱ፣ ትራንስፎርመሩ ለአምፖሉ ላከ፣ አምፖሉም ቦግ ብሎ እንቁላሎቹን አሞቀ።

ጋሽ ምንዳዬም አጥሩን ዞረው መጡ፤ ሁለቱ ካርቶኑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። ቆዩ፤ ቆዩ። ትርንጎ አንዱን እንቁላል አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ለጋሽ ምንዳዬ አቀበለቻቸው። እሳቸውም ጆሮአቸው ላይ አደረጉት።

«ከውስጥ ሰው ያንኳኳል» አሉ በሹክሹክታ።

«ይግባ ይበሉታ» አለች ትርንጎ።

ከዚህ ወዲያ ያለው የጫጩቶቹ ወሬ ነው። እኔ የማውቀው እስከ ቅርፊቱ ድረስ ነው።