የወረቀቱ ጌታ

ፊታውራሪ ድልነሳው፣ ጥዱ በገመድ ተለክቶ የተከረከመውን የአትክልት ቦታቸውን በውሃ ቀለም አሳሉ፤ ራሳቸውም ካባ ደርበው መሀሉ ላይ ተሳሉ። ሠዓሊው «ጠብታ ውሃ እንዳይነካው» ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ።

እንግዶችን ምሳ በጋበዙ ዕለት ሃያ ዓመት ያገለገላቸውን አትክልተኛ አስጠሩና ሥዕሉን አሳዩት።

«ይኸኛው ውሃ አይል፣ መከርከም አይል! የውጪው ቢደርቅም ግድ የለኝም። ተሰናብተሃል፤ እጅ ነስተህ ውጣ!»

አትክልተኛው ነጠላውን አደግድጎ ለሥዕሉ እጅ ነሳ።

«አንተ ደፋር! ጌታህ እዚህ አይደለሁም እንዴ?»

«አትክልቱ የወረቀቱ ከሆነ ጌታዬም እኒህ የወረቀቱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ውጣ አላሉኝም» አለና የእጅ ማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ብድግ አደረገ። «እንግዲህ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ የማጠጫ ሰዓቴ ደርሷል።»