ቀይዋ መኪናና አይጥ ጠባቂዋ

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ዕቃና እንስሳ ከሰው ጋር በሚያወሩበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ ከባቡር ሐዲድ ዳር ባለች አንዲት የቆላ ከተማ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩ። ገና ሳይናገሩ ገባት። ባሏ ጋሽ ወንድይራድ ለመኪናው መለዋወጫ ሊፈልግ ወደብ እንደ ሄደ እዚያው ታሞ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። ፊቱን እንኳ አላየችም።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ይመኙሻል ወደ ጋራዡ ገባች። ባሏ የሚወዳት ባለ ሁለት በር ቀይ የውድድር መኪና እዚያ ቆማለች። ጋሽ ወንድይራድ ይህችን አሮጌ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣች እንድትቀር አልተዋትም። ካርቡሬተሯን ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጥሞላታል፤ የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን፣ ከውሃ ቱቦ ቆርጦ በይዶላታል፤ ወንበሯን ይመኙሻል ትለብሰው በነበረ አሮጌ ካፖርት አልብሶላታል። ከሁሉ በላይ ግን ድምፅ ሰጥቷታል። እሁድ እሁድ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ አንዲት ቡሎን ትንሽ ያጠብቃል፣ ትንሽ ያላላል፣ እሱ የሚፈልገው ድምፅ እስኪመጣ። ያ ድምፅ ከሐዲዱ ማዶ ሲሰማ ይመኙሻል ምሳ ታቀርብ ነበር።

«እትዬ፣ ጋሼ የት ቀረ?» አለቻት መኪናዋ።

«ሞተ።»

መኪናዋም «ድምፁ እኔ ዘንድ አለ» አለች። «በየሳምንቱ አስነሺኝ፣ ንጂኝ። ካልሆነ እረሳዋለሁ።»

ይመኙሻል መንዳት አትችልም። ሌላ ሰው ከነዳት ደግሞ የሌላ እጅ ይነካታል፤ የባሏ እጅ አሻራ ይጠፋል። ይህን አስባ በሩን ቆለፈች።

አርባው እንዳለፈ አቶ ክብረት የሚባል ሀብታም መጣ። አሮጌ መኪና ይሰበስባል። አሥራ ሁለት መኪና በአንድ አዳራሽ አቁሞ በነጭ ጓንት ይወለውላል እንጂ አንዷንም አስፋልት አያሳያትም። ቀይዋን ዞሮ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቱቦው ይጣላል፣ ካርቡሬተሩ ይጣላል፣ ካፖርቱ ይቀደዳል፣ ልክ ፋብሪካ እንደ ሠራት ትሆናለች አለ።

«ታዲያ የባሌ ምን ይቀራል?» አለች ይመኙሻል።

«ምንም አይቀርም፣ እሜቴ። ያኔ ንጹሕ ትሆናለች።»

በሩን አሳየችው።

ቀጥሎ ዘርጋው መጣ፤ ከባሏ ጋር ዳገት ለዳገት ሲሽቀዳደም የኖረ ጓደኛው ነው። ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና መኪናዋን እንድትሰጠው ለመናት። በየቀኑ እንደሚነዳት፣ ግን ዳገት ላይ ስለምትደክም ትልቅ ሞተር እንደሚገጥምላት ነገራት። «ወንድይራድም ሊያደርገው ነበር» አለ።

«ሊያደርገው ነበር። አላደረገውም።»

እሱ ሲወጣ መኪናዋ ለመነቻት። «እትዬ፣ ለዘርጋው ስጪኝ። አንዱን ቢቀይር ሌላው ይቀራል። መንገድ ላይ ልሁን እንጂ።» ይመኙሻል አልሰማቻትም።

ሦስተኛዋ አይጥ ናት። ከግድግዳው ሥር ብቅ አለች፣ አንገቷን ደፋች፣ እጅ ነሳች።

«እመቤቴ፣ እኔ መንዳት አልችልም» አለች። «መፍቻም የለኝም። ያ ሊያፈርሳት ነው፣ ያኛው ሊለውጣት ነው። እኔ ግን ውስጧ ተቀምጬ ልጠብቃት። የሰው እጅ ድርሽ አይልባትም።»

ይመኙሻል ይህን ስትሰማ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ዐረፈ። ቁልፉን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና መኪናዋን ለአይጥ አደራ ሰጠች።

በመጀመሪያው ወር መኪናዋ ጮኸች። «እትዬ፣ ባትሪዬ እየደከመ ነው።» ይመኙሻል ከበሩ ውጭ ሆና «ዕረፊ» አለቻት። በስድስተኛው ወር ቀስ ብላ ተጣራች። «እትዬ፣ ቤንዚኑ ዝቃጭ ሆኖ ጉሮሮዬን ዘጋው።» «ዕረፊ» አለቻት። በዘጠነኛው ወር ምንም አላለችም፤ ይመኙሻልም አሁን ተጽናናች ብላ ደስ አላት። አይጥ ግን ሽቦውን እየቆረጠመች፣ ከካፖርቱ ጎጆ እየሠራች፣ «ሙሽሪት፣ ለማን ልትዘፍኚ ነው?» እያለች ትስቅባት ነበር።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ይመኙሻል ዝክሩን አዘጋጅታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ የባሏን ድምፅ ልታሰማቸው ጋራዡን ከፈተች። የመኪናዋን ቁልፍ አዞረች። ዝም። ደግማ አዞረች። ዝም። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኖውን፣ ቢያነሱት አይጥ ከሰባት ልጆቿ ጋር ተኝታለች።

«የሰው እጅ አልነካትም፣ እመቤቴ» አለች አይጥ። «ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

ይመኙሻል ዘርጋውን አስጠራችው። ቂም አልያዘም፤ መጣ። አዲስ ሽቦ ዘረጋ፣ የተበላሸውን ካርቡሬተር አውጥቶ ሌላ ገጠመ። ወደ ማታ ሞተሩ ተነሳ፤ ጎረቤቶቹ እልል አሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«አይደለም» አለች።

ዘርጋው ቡሎኑን አጠበቀ። አይደለም አለች። አላላው። አይደለም አለች። እንደገና አጠበቀና አላላው፤ ራሷን ነቀነቀች። ወንድይራድ እንዴት ያደርግ እንደነበር ጠየቃት። ከሩቅ ከመስማት በቀር አይታው አታውቅም።

ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለች። «አንቺ ንገሪው እንጂ።»

«እትዬ» አለች መኪናዋ፣ ይመኙሻል በማታውቀው ድምፅ፣ «ጠብቄሽ ነበር። አሁን ረሳሁት።»

ዘርጋው ሞተሩን አጠፋ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ።

የምትሰሙኝ ሆይ፣ የምንወደውን ሰው ሥራ እንዳይለወጥ ብለን ከዘጋንበት የምናቆየው በድኑን ነው። ጋሽ ወንድይራድ ሁለት ጊዜ ተቀበረ። የመጀመሪያውን እሷ በሌለችበት ሰዎች ቀበሩት፤ ሁለተኛውን እሷው ራሷ። ለእሷ የሚሆን መጽናኛ አላገኘሁም። ለእሱ ግን፣ ከሩቅ አገር አፈር ሥር ላለው፣ ጸልዩለት። ነፍሱን ይማር በሉልኝ።