የሰኞው ነጋሪት

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ቃሉን የሚያከብር አንድ ንጉሥ፣ ጫካ የሚመኝ ድልነሳ የሚባል ሹም፣ ነገር የማያበዛ አንለይ የሚባል ወጣት አባት ነበሩ።

የአንለይ ሴት ልጅ ክርስትና ሳትነሣ ሞተችበት። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም ነበር። ጫካው ውስጥ፣ ከወይራ ሥር ቀበራት። በየእሑዱ ይሄዳል፤ ቁጭ ይላል፤ ይመለሳል።

ንጉሡ ጫካው እንዳያልቅ ሊከልለው አሰበ። ድልነሳን ጠርቶ፣ «መጀመሪያ ገበያ ላይ ሦስት ጊዜ ነጋሪት አስመታ። ቃል ያለው ከገበያው ሾላ ሥር ይናገር። ከዚያ እንከልላለን» አለው።

ድልነሳ ግን ሰው ሁሉ ከጫካው ርቆለት የጫካውን ጽድ ለብቻው ሊቆርጥ ፈልጓል። ገበያው ቅዳሜ ነው፤ እሱ ሰኞ አስመታ። በሚቀጥለውም ሰኞ አስመታ። በሦስተኛውም ሰኞ አስመታ።

«ጃንሆይ፣ ሕዝቡ ሰማ፤ ዝም አለ» ብሎ ተናገረ።

እሑድ አንለይ ሲሄድ ዘበኛ ጦሩን አጋድሞ ጠበቀው።

«ወዴት?»

«ልጄ ጋ።»

«ተከልሏል። አዋጅ አልሰማህም?»

አንለይ አልተጣላም። ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ሄዶ ጮኸ። አቤት! አቤት! አቤት!

«ሦስት ጊዜ ሲነገር የት ነበርክ?» አለው ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ አዋጁን የሰማ አንድ ሰው ይጠራልኝ፤ አንገቴን እሰጣለሁ።»

ድልነሳ ሳቀ። «ምን አንድ! ገበያው ሁሉ ሰምቷል!»

ጨው ሻጩን ጠራ። «ጌታዬ፣ እኔ የቅዳሜ ገበያተኛ ነኝ፤ አልሰማሁም።»

ሸክላ ሻጯን ጠራ። «እኔም የቅዳሜ ነኝ።»

ድልነሳ በመጨረሻ ነጋሪት መቺውን ጠራ። «አንተ እንኳ ተናገር እንጂ!»

«እኔማ ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። ሰኞ ሰኞ እኔና አንዲት የጠፋች አህያ ነበርን።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡም ሳቀ፤ ከዚያ ተቆጣ።

ነጋሪቱ እንደገና ሦስት ቅዳሜ ተመታ። ሕዝቡ ወደ ሾላው ጎረፈ። ንብ አናቢው ስለ ቀፎው ተናገረ። ሴቶች ስለ ምንጩ ተናገሩ። አንለይ፣ «እግሬን የምታሳልፍ መንገድ ብቻ» አለ።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ጫካው ይከለል! ከመጥረቢያ እንጂ ከእግር አይከለል!»

እልልታው ተራራውን ዞረ። ንጉሡም አጸናው።

ድልነሳ ነጋሪቱን በጀርባው ተሸክሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያውን እንዲዞር ተፈረደበት። ልጆች ይከተሉታል።

«ድልነሳ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ!» ይላል እያለከለከ።

እሑድ ሲሆን ዘበኛው ጦሩን አነሣ። «እለፍ፣ ወንድሜ።»

አንለይ ከወይራው ሥር ቁጭ አለ። «ዛፍሽን የሚነካው የለም» አላት።

አያችሁ ልጆች፣ ሰው በሌለበት የተነገረ አዋጅ አዋጅ አይደለም። እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለሌላ ንገሩ፤ ታዲያ በገበያ ቀን!