ባሕርማ ባሕር ነው

አንድ ጊዜ አንድ አንበሳ አሽከሮቹን አስከትሎ ከደጋው ወርዶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ። ውሃው የጠራ ስለ ነበር ወደ ታች ቢመለከት ዛፍ የሚመስል ነገር አየ። ቅርንጫፉ ሐምራዊ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ቀይ ነው፤ በላዩ ላይ እልፍ ትንንሽ ጣቶች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ኮራል ነበር።

«ይህ ድንጋይ ያምራል። ነቅላችሁ አምጡልኝ፤ ቤቴ አስቀምጠዋለሁ» አለ።

አንዲት አሮጊት የባሕር ኤሊ አንገቷን ከውሃው አወጣች። «ጌታዬ፣ ድንጋይ አይደለም፤ ነፍስ አለው። ብቻውንም አይደለም። በቅርንጫፎቹ መካከል ሸርጣን ይኖራል፤ ቤቱ ነው።»

«እንግዲያው ሸርጣኑም ይምጣ! እኔ ለእንግዳ ቤት አጣለሁ?»

ኤሊዋ ክርክር እንደማያዋጣ ገባት። ቢሆንም ለነፍሶቹ አዝና «ከወሰዱት አይቀር ውሃውንም ይውሰዱለት» አለች። «በየጊዜው አሮጌውን እያወጡ አዲስ የባሕር ውሃ ይጨምሩለት። መርከብ ቆሻሻውን ከሚደፋበት ወደብ አያስቀዱ፤ ጎርፍ ከሚገባበትም አያስቀዱ። ከዳር ራቅ ብሎ ከጠራው ይቀዳ። ያለዚያ ሁለቱም ይሞታሉ።»

«ይደረጋል» አለ አንበሳ። ትልልቆች «ይደረጋል» ሲሉ ማን እንደሚያደርገው አይናገሩም።

ኮራሉ በአንበሳ አዳራሽ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ተቀመጠ። እመት ቀበሮ የውሃ ሹም ሆነች። አያ ጅቦ ውሃው ከባሕር መቀዳቱን አይቶ የሚምል ምስክር ሆነ። ጀሪካኑን የምትሸከም አህያ ነበረች። አህያን ከጅብ ጋር መንገድ የሚያስወጣ ሹመት እንዴት ያለ ሹመት እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው በደንብ ተሠራ። ሦስቱ ባሕር ወረዱ፤ ኤሊዋ ካሳየቻቸው ቦታ ቀዱ፤ ተመለሱ። ኮራሉ ጣቶቹን ዘረጋ። ሸርጣኑም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተንጠላጠለ ቤቱን ጠረገ።

ነገር ግን ቆላው ያቃጥላል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። አንድ ቀን እመት ቀበሮ ከመንገድ መገንጠያ ላይ ቆመች። አንዱ መንገድ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው እዚያው ደጋ ላይ፣ በዋርካዎች ጥላ ሥር፣ ወደ ሐይቁ ይወስዳል።

«አያ ጅቦ፣ ጌታችን አምጡ ያለው ምን ነበር?»

«የባሕር ውሃ ነዋ።»

«የሐይቁ ዳር ሰዎች ታንኳቸውን ይዘው ሲወጡ ወዴት እንሄዳለን ይላሉ?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለሚከብደው ቁጭ ብሎ አሰበ። «ወደ ባሕር ይላሉ።»

«ከማዶ የመጣውንስ?»

«ባሕሩን ተሻግሮ መጣ ይላሉ።»

«ታዲያ ይህ ባሕር ካልሆነ ምኑ ነው ባሕር?»

ጅብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እመት ቀበሮ፣ አንቺስ ዳኛ መሆን ነበረብሽ! ግን ያኛው ጨው አለው አይደል?»

«ጨው ገበያ ሞልቷል። አንድ አሞሌ እናሟሟበታለን። ገዝተህ አንተው ተሸከመው።»

አህያ ጆሮዋን ቀና አደረገች። «እኔ እንኳ… ኤሊዋ ያለችው እንዲህ ነበር እንዴ?»

«አያ ጅቦ፣ ሥጋ ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?» አለች ቀበሮ።

«ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ ጅብ፤ ምራቁንም ዋጠ።

አህያ ዝም አለች። ፈርታ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ፈርታለች። ግን ደግሞ የሐይቁ መንገድ አጭር ነበር፤ ጥላም ነበረው። ከዝምታዋ ግማሹ የፍርሃት፣ ግማሹ የጥላው ነው። ለፍርሃቷ አዝንላታለሁ፤ ለጥላው ግን ይቅር አልላትም።

አሞሌውስ? አያ ጅቦ መንገድ ላይ አንዴ ላሰው፣ ጣፈጠው። እንደገና ላሰው። አንበሳ ደጅ ሲደርሱ በእጁ የቀረው የታሰረበት ገመድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አኘከው። እንዲህ ሆኖ የገንዳው ውሃ እየተቀዳ ወጣ፤ በምትኩ የሐይቁ ውሃ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ድረስ የወረደ የለም።

ኮራሉ ጣቶቹን ሰበሰበ። ሐምራዊው ገረጣ፣ ቀዩ ጠፋ። ሸርጣኑ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ በመቆንጠጫው ኳ! ኳ! ኳ! ያደርግ ጀመር።

«ምን እያለ ነው?» አለ አንበሳ።

«እጅ እየነሣ ነው፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ።

አንበሳ ደስ ብሎት አንገቱን ነቀነቀለት። ሸርጣኑም እየታፈነ «እጅ እየነሣ» ሰነበተ።

የአንበሳ ግብዣ ቀን ደረሰ። እንግዶቹ ከደጅ ቆመዋል፤ ነብሩ፣ ዝንጀሮው፣ ከርከሮውም ለብሰው መጥተዋል። ሸርጣኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ከገንዳው አፍ ላይ ወጣና በቀጭን ድምፅ ጮኸ።

«ጌታዬ! ይህ ውሃ የባሕር አይደለም! ቤቴ እየሞተ ነው!»

አንበሳ ሹሞቹን ጠራ። «የባሕር ውሃ ነው ያመጣችሁት?»

«ከባሕር ነው፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ። «ዳሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ይጠይቁ። ስሙን ሌላ የሚል ካለ አንገቴ ይቀላ።»

«ከባሕር ሲቀዳ አይቻለሁ፤ ይህ ሆዴ ምስክሬ ነው!» ብሎ ጅብ ማለ።

«አንቺስ?»

አህያ ወደ ጅብ ጥርስ አየች፤ ቀጥሎም ወደ መሬት አየች።

«ስሙን አይጠይቁ!» አለ ሸርጣኑ። «ውሃውን ይቅመሱ!»

አንበሳ መዳፉን ነክሮ ላሰ። ጨው የለውም። ጉድጓድ ዳር እንደሚጠጣው ውሃ ነው። ባሕሩን በምላሱ ያውቀዋልና በዚያች ቅጽበት ሁሉን ዐወቀ። ያን ጊዜ «ሩጡ፣ የባሕር ውሃ አምጡ» ቢል ከኮራሉ ቅርንጫፎች ገና ያልሞቱ ነበሩ። ግን ደጁ ላይ የእንግዶቹ ድምፅ ይሰማል። አንበሳን ቀበሮ አታለለችው ከሚባል ይልቅ…

«የባሕር ውሃ ነው» አለ አንበሳ። «በሩን ክፈቱ።»

እንግዶቹ ገቡ። ኮራሉ ከላይ እስከ ታች አመድ መስሎ ነጥቷል።

«እንዴት ያምራል! እንዴት ይነጣል!» አለ ዝንጀሮ።

«የጥጥ ማሳ ይመስላል» አለ ነብር።

«ዐፅም ነው!» አለ ሸርጣኑ። «የምታደንቁት ዐፅም ነው! ቤቴ ነበር!»

«ደግሞ ይናገራል!» ብለው ሳቁ፤ አጨበጨቡለትም። እሱ ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ ሲወድቅ አሁንም እያጨበጨቡ ነበር። እመት ቀበሮ ካባ ተደረበላት። አያ ጅቦ የበሬ ሻኛ ተቆረጠለት። አህያም ድርሻዋን አገኘች፤ ባዶ ጀሪካን ተጫነችና ወደ ሐይቁ ተላከች።

ከጥቂት ቀን በኋላ አዳራሹ ይሸት ጀመር። እንግዶች አፍንጫቸውን በጭራቸው እየሸፈኑ «ምንድን ነው?» አሉ።

«ባሕር ነው» አለች ቀበሮ። «ባሕር እንዲህ ነው የሚሸተው።»

ባሕር አይተው አያውቁምና አመኑ። ግልገሎቻቸውንም እያመጡ አስሸተቷቸው። በዚያ አገር እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ነገር ሲበሰብስ «ባሕር ባሕር አለ» ይላሉ፤ ከቆላው ማዶ ግን ባሕሩ ንጹሕ ሆኖ ሐምራዊ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕያውን ከቤቱ ነቅሎ የቤቱን ስም ብቻ የሰጠው እንደ ገደለው እንደሚቆጠር፣ ውሸቱን ቀምሶ እያወቀ «እውነት ነው» ያለ ጌታ ደግሞ ከዋሸውም ሹም የከፋ ገዳይ መሆኑን ነው።