የፊታውራሪ ካምሻፍት

ፊታውራሪ ዘለቀው ጣራ የሌላትን የጥንት የእሽቅድድም መኪናቸውን ይዘው ምላሱ ወደማያርፈው መካኒክ መጡ። ጋራዡ ያለው በእሳቸው መሬት ላይ ነበርና መካኒኩ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«አዲስ ካምሻፍት ምረጥላት» አሉት፤ የሞተሩን አተነፋፈስ የሚገዛውን ዘንግ ማለታቸው ነው። «እንደ ጥይት ትወንጨፍልኝ!»

«ጌታዬ፣ የእሽቅድድም ካምሻፍት ሩጫ እንጂ ዝግታ አይወድም። ቀስ ሲሉ መኪናዋን ያንዘፈዝፋታል።»

«አይሆንም! እኔ ሰው እጅ ሲነሳኝ በየመንገዱ ቆም እላለሁ። ባርኔጣዬ ዓይኔ ላይ ወድቆ ሊሳቅብኝ ነው? ስትሮጥ ጥይት፣ ስትቆም ድንጋይ የሚያደርጋትን ምረጥ፤ አለዚያ ነገ ጋራዡን ትለቃለህ!»

እንዲህ ያለ ካምሻፍት በምድር ላይ የለም። መካኒኩ መፍቻውን በጨርቅ ጠረገና ቀና አለ።

«የእሽቅድድሙን እንግጠም፤ እርስዎም ከቶ አይቁሙ።»

«እጅ የሚነሳኝ ሰውስ?»

«እሱንማ ይዘዙት ጌታዬ፤ እየሮጠ እጅ ይንሳ!»

ፊታውራሪ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የአገር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ከመኪናዋ ጎን ሲሮጡ በሐሳባቸው ታዩዋቸው። ፊታውራሪ ራሳቸው በሳቅ ሲንፈራፈሩ ባርኔጣቸው ዓይናቸው ላይ ወደቀ፤ ሞተሩ ገና አልተነሳም።

«በል ዝግታ የሚወደውን ግጠም» አሉ ከባርኔጣው ሥር። «ጋራዡንም ያዝ።»