ለበሬው ያልደረሰ ቀለም

አንድ ጊዜ፣ ካረጀ በሬ ጋር ጫካ ዳር የሚኖር ጥንቁቅ አህያ ነበር። በሬው ጉልበቱ ስለከዳው ከተኛበት አይነሳም። ሣርና ውሃ የሚያመጣለት፣ ጅብ ሲጠጋም አናፍቶ ገበሬዎችን የሚቀሰቅስለት አህያው ነው።

አህያው በትርፍ ጊዜው ከዋንዛ እንጨት የበሬውን ምስል ጠረበ። ቀይ አፈር ከሙጫ ጋር በጥብጦ፣ በአፉ እየያዘ በሸምበቆ ይረጭበት ጀመር። አንዱ ስስ ርጭት ሳይደርቅ ሌላውን አይደርብም።

«ልጄ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ አሳየኝ» አለው በሬው።

«ትንሽ ቆይ፣ አያ በሬ። ጎኑ ላይ ቀለሙ ወርዶ ደርቋል። ፍቄ እንደገና ልርጨው።»

«የእኔስ ጎን መቼ ለስልሶ ያውቃል? ጅራፍ የጨረሰው አይደል?»

«እንዲህ ያለ ነገር ላንተ አልሰጥም» ብሎ አህያው ምስሉን በቅጠል ሸፈነው።

ቀበሮ ይህን ሰምታ ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ አህያውን ከበሬው ባርቅልህ ምን ትሰጠኛለህ?»

«ሻኛውን» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «አህያውንም አብረን ብንበላውስ?»

«ካናፋ ገበሬው ሁሉ ይነሳል። አንተ እንደው ሆድ ብቻ ነህ። ዝም ብለህ ጠብቅ።»

በማግስቱ ቀበሮ ምስሉን ዞራ ዞራ አየችው።

«እጅህ ይባረክ። አንገቱ ላይ ግን አቧራ ተጣብቋል መሰለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

አህያው ቀረብ ብሎ ሲያይ እውነት ነው። «እኔ መቼ አንድ ነገር አስተካክዬ አውቃለሁ» አለና ቀለሙን በሙሉ ፋቀው።

«ሜዳው ነፋስ ነው» አለች ቀበሮ። «ከገደሉ ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ አቧራ የለም።»

«አያ በሬስ?»

«እስኪደርቅ ብቻ እኮ ነው።»

አህያው ምስሉን ይዞ ወደ ዋሻው ወረደ። ረጨ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ረጨ። የበሬው ጩኸት ከሩቅ ተሰማው። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ግን ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። «ይህችን ብቻ ላድርቅ» አለ። ጩኸቱ ቆመ።

ሲደርቅ ምስሉ እንደ ረጋ ውሃ ለስልሶ ነበር። በሣር ጠቅልሎ ይዞት ሮጠ። በበሬው ቦታ ያገኘው የተረገጠ ሣርና ሁለት ቀንድ ነው።

ጅብ አፉን እየላሰ ምስሉን አሸተተው። «ያምራል» አለ። «ሥጋ ግን የለውም።» ጠግቦ ስለነበር አህያውንም ትቶት ሄደ።

አህያው ምስሉን ከቀንዶቹ ፊት አቆመው። ፀሐይ እስክትጠልቅም «ይኸው፣ አያ በሬ፣ እየው» ሲል ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለወዳጅ ብለን የምንደክምበት ሥራ ወዳጁን ራሱን ካስረሳን፣ እንከን ባይገኝበትም ከንቱ መሆኑን ነው።