የመከታ የጨዋታ ጓደኛ

ጆሮ አውሱኝና ተረት ላውጋችሁ።

መከታ የሚባል ቡችላ ነበር። በጎች እንዲጠብቅ ጉረኖ ደጃፍ ላይ ቢያስቀምጡትም የሚያጫውተው አጥቶ ሆዱ ይባባ ነበር። አንድ ቀን ቀበሮ መጣና «ና እንጫወት» አለው። እያጫወተ ገመድ መጓተት፣ ቋጠሮ በጥርስ መፍታት፣ ድምፅ ሳያሰሙ መተኛት አስተማረው። በተሳካለት ቁጥር «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» ይለዋል። ከዚያ በፊት መከታን እንዲህ ያለው ማንም አልነበረም።

ይህን ያየች አሮጊት በግ ጠራችው።

«ልጄ፣ ቋጠሮ መፍታት ማን አስተማረህ?»

«ጓደኛዬ ነዋ፣ እማማ።»

«ጓደኛህ ምን ይበላል?»

መከታ ይህን ጠይቆት አያውቅም።

ጭጋግ በወረደበት አንድ ጠዋት ቀበሮ «እስቲ የጉረኖውን ቋጠሮ ፍታው» አለው። መከታ ደስ ብሎት ፈታው፤ እንደለመደውም ድምፁን አጥፍቶ ተኛ። በጎቹ ሲንጫጩ ጨዋታው እንዳይበላሽበት ብሎ አልተነሳም።

ቀበሮ አፉን እየላሰ ወጣ። መከታ ጅራቱን እየቆላ፣ «ነገስ ምን እንጫወት?» አለው።

«አንተ የምትማረውን ጨርሰሃል» አለና ቀበሮ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

መከታ ወደ ጉረኖው ዘለቀ። በጎቹ በተከፈተው በር ወጥተው የትም ተበትነዋል። አሮጊቷ ብቻ ወድቃ ቀርታለች። «እማማ» አላት። ደግሞም «እማማ» አላት።

ተረቴም ከዚህ ወዲያ አትሄድም።